«ሬዲዮ አይሠራም» ብቻ ብላችሁ አትጻፉልኝ

የዚህ ወር ደብዳቤዎች በሙሉ ስለ ትናንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። ባለፈው እትም የሥራ ዘመኔን ስለነካካሁት ሳይሆን አይቀርም። ለማታውቁኝ፣ ሙያዬ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክና ሬዲዮ ጥገና ነው። አዲስ አበባ ጀመርኩት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ጡረታ ወጣሁበት። አብራሪ አይደለሁም። ከአብራሪዎች ጋር ስጨቃጨቅ ግን ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። ጭቅጭቁ ሁልጊዜ ያው ነው። አውሮፕላኑን ያቆሙና በብልሽት መመዝገቢያው ላይ «ሬዲዮ አይሠራም» ብለው ጽፈው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንዳንዶቹ ጭራሽ አይጽፉም። ለምን እንደማይጽፉ ከታች ከፍሎሪዳ የመጣው ደብዳቤ ይናገራል።

ደብዳቤዎቹን ለቦታ ስል አሳጥሬያቸዋለሁ። ስም አላወጣሁም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ማናሳስ አካባቢ በረራ እማራለሁ። ማታ ከአስተማሪዬ ጋር በሴስና 172 ስንመለስ የቮልቴጅ ማስጠንቀቂያው መብራት በራ። ትንሽ ቆይቶ ሬዲዮው ይቆራረጥ ጀመር። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዋም «ትራንስፖንደራችሁ አይታየኝም» አለችን፤ ማንነታችንን ለራዳሯ የሚነግረው መሣሪያ ማለት ነው። ሞተሩ ግን ምንም አልሆነም፤ በሰላም ወረድን። ባትሪው ተቀየረና አውሮፕላኑ ወደ ሥራ ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ ደገመው። ሞተሩ እንዴት አልጠፋም? እንደገና ቢያጋጥመኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን በሰላም ወረዳችሁ።

ሞተሩ ያልጠፋው ከባትሪው ጋር ጉዳይ ስለሌለው ነው። የ172 ሞተር ላይ ሁለት ማግኔቶዎች አሉ። ሞተሩ እስከዞረ ድረስ የራሳቸውን ኤሌክትሪክ እያመነጩ ለካንዴላዎቹ እሳት ይሰጣሉ። በአየር ላይ ባትሪውን አውጥተህ ብትጥለው እንኳ ሞተሩ ግድ አይሰጠውም። ስለዚህ አትደንግጥ። ያጣኸው መብራት፣ ሬዲዮ፣ ትራንስፖንደርና ፍላፕ (በዝግታ ለማረፍ ከክንፉ ኋላ የሚወርደው ክፍል) ነው። አውሮፕላኑ አሁንም ይበራል።

ባትሪውን የቀየረው ሰው ግን አናዶኛል። በሞተሩ እየዞረ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው አልተርኔተር ደሞዝ ነው፤ ባትሪው ቁጠባ። ደሞዙ ቆሞ ቁጠባው ሲያልቅ፣ ቁጠባውን ብቻ መሙላት ለጥቂት ቀን ነው። የአንተ ዓይነቱ አውሮፕላን ደህና ሲሆን 28 ቮልት ገደማ ይሰጣል። መብራቱ የሚበራው ቮልቴጁ ከ24.5 ሲወርድ ነው። መብራቱ በራ ማለት አልተርኔተሩ መስጠት አቁሟል፣ ከባትሪው እየበላችሁ ነው ማለት ነው። ባትሪው ሟች እንጂ ገዳይ አይደለም።

ገዳዩን የት እንፈልገው? እኔ ብሆን ከርካሹ እጀምራለሁ። መጀመሪያ የአልተርኔተሩ ቀበቶ፤ ላልቶ ይንሸራተታል። ቀጥሎ ከአልተርኔተሩ ጀርባ ያሉት ሽቦዎች፤ በተለይ አልተርኔተሩን የምታነቃው ቀጭኗ የፊልድ ሽቦ። ጫፏ ላይ ከውስጥ ትበጠስና ላስቲኳ ብቻ ይዟት ይቀራል። መሬት ላይ ስትለካት ደህና ናት፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ትለቃለች። ከዚያ የሴስናው ቀይ ማስተር ማብሪያ። ለሁለት የተከፈለው ማለት ነው፤ ግራው አልተርኔተር፣ ቀኙ ባትሪ። ስንት ተማሪ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚጫነው አስበው። ውስጡ ያልቅና ቮልቴጅ ይበላል። አልተርኔተሩን ራሱንና መቆጣጠሪያ ሣጥኑን የምጠረጥረው ከነዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ብዙ ጥገና ቤት ግን ከኋላ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ውድ ሣጥን መቀየር ፈጣን ነው፣ ሒሳቡም የሚከፈለው በአንተ ኪስ ነው። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ይባል የለ?

በአየር ላይ ሳለህ የአውሮፕላኑ መመሪያ መጽሐፍ ከእኔ ቃል ይበልጣል። መንገዱ ግን በአጭሩ ይኸው ነው። የሬዲዮዎቹን ማብሪያ አጥፋ። የአልተርኔተሩ ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ዘሎ ወጥቶ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጠው ቁልፍ) አለመውጣቱን እይ። የማስተሩን የአልተርኔተር ወገን አጥፍተህ አብራ። ቮልቴጁ ድንገት ከልክ በላይ ሲወጣ መቆጣጠሪያው አልተርኔተሩን ራሱ ያጠፋዋል፤ በዚህ ይመለሳል። አንዴ ሞክር። ከተመለሰ እሰየው። መብራቱ እንደገና ከበራ በቃ፣ አልተርኔተሩን አጥፋውና መቆጠብ ጀምር። የማረፊያ መብራት፣ የፒቶ (የፍጥነት መለኪያው ቱቦ) ማሞቂያ፣ ሁለተኛው ሬዲዮ፣ ስልክ የምትሞላበት ሶኬት ሁሉ ይጥፋ። ደህና ባትሪ ጭነት ከተቀነሰለት 30 ደቂቃ ይሰጥሃል ተብሎ ይታሰባል። የአከራይ አውሮፕላን ባትሪ ግን ደህና ነው ብለህ አትማል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሬዲዮ ሲናገር ከሚያዳምጥበት ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ እንደሚበላ ነው። ችግርህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር፣ ከዚያ ዝም ብለህ አዳምጥ።

ማታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ታወር (የመቆጣጠሪያ ማማ) በሌለበት ወይም በተዘጋበት ብዙ የአሜሪካ ማረፊያ የሜዳውን መብራት የምታበራው በራስህ ማይክ ነው። በአምስት ሰከንድ ውስጥ ሰባት ጊዜ ስትጫነው በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ አምስት ጊዜ መካከለኛ፣ ሦስት ጊዜ ዝቅተኛ። ባትሪህን በወሬ ጨርሰህ ከደረስክ ከታችህ ጨለማ ነው የሚጠብቅህ። ለዚህ ስል ነው ማታ የሚበር ሰው ሁሉ ቦርሳው ውስጥ በእጅ የሚያዝ ሬዲዮ ይያዝ የምለው። መደበኛ የባትሪ ድንጋይ የሚቀበለውን ዓይነት ግዛ፤ ቻርጅ ማድረግ መርሳትህ አይቀርም።

እናንተ ሰፈር ደግሞ ነገሩ ይጠነክራል። በዋሽንግተን ዙሪያ 30 ኖቲካል ማይል የተከለለ ቀጠና ነው። ማናሳስ ውስጡ ነው። ያለ ትራንስፖንደርና ያለ ሬዲዮ እዚያ ውስጥ መንከራተት ተዋጊ ጄት ወይም ሄሊኮፕተር ሊጠራብህ ይችላል። መብራቱ እንደበራ፣ ገና ድምፅህ ሳይጠፋ ለተቆጣጣሪው ተናገር። ድምፅህ ከጠፋ ትራንስፖንደሩ ላይ 7600 አስገባ፣ «ሬዲዮ ጠፋብኝ» ማለት ነው፤ ከዚያ ለቀጠናው ስትማር የተነገረህን መውጫ ያዝ። ከመሬት ቀይ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ የሚል ጨረር ካየህ ለአንተ ነው፤ በአደጋ ጊዜው ሞገድ በ121.5 ጥራና ከቀጠናው ውጣ። ታወር ካለበት ሜዳ ስትደርስ የመብራት ምልክቱን አስታውስ። የማይቋረጥ አረንጓዴ ውረድ ነው። የማይቋረጥ ቀይ መንገድ ስጥና ዙር። ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ሜዳው አደገኛ ነውና አትረፍ። ፍላፕ በ172 የሚሠራው በኤሌክትሪክ ስለሆነ ያለሱ ለማረፍ ረጅሙን ሜዳ ምረጥ።

ስትወርድ ደግሞ እንዲህ ብለህ ጻፍ፦ «ሞተር ከተነሣ 40 ደቂቃ በኋላ፣ የማረፊያ መብራትና ሁለት ሬዲዮ በርተው፣ የቮልቴጅ መብራቱ በራ። አምፔር መለኪያው ወደ መቀነስ ዞረ። ማስተሩ ተጠፍቶ ሲበራ ለሦስት ደቂቃ ተመለሰ።» እንዲህ ያለ ጽሑፍ ያገኘሁበትን ቀን በዓል አደርገው ነበር። የግማሽ ቀን ሥራ ነው የሚያድነኝ።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነው የምጽፈው። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የ1970ዎቹ ፓይፐር ቸሮኪ በጋራ ገዝተናል። ሄድሴት ውስጥ ሲይይይ የሚል ጩኸት አለ፤ ጋዝ ስንሰጥ አብሮ ይቀጥናል። ጥገና ቤቱ አዲስ ሬዲዮ ግዙ አለን። እንግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ካርዱን ወደ ኪስህ መልሰው።

ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ ጩኸት የሬዲዮ በሽታ አይደለም፤ ከአልተርኔተሩ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ከውስጡ ካሉት፣ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ከሚያሳልፉት ዳዮዶች አንዱ ሞቷል። ወይ ማጣሪያ ካፓሲተሩ አልቋል፣ ወይ የግራውንድ ሽቦው ዝጓል። መሬት ላይ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ አልተርኔተሩን ለጥቂት ሰከንድ አጥፋው። ጩኸቱ አብሮ ከጠፋ ሌባው ተያዘ። ከዚያ መካኒኩ ዳዮዶቹን ይለካ። አንዱ ዳዮድ የሞተበት አልተርኔተር መሙላቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ጭነት ሲበዛ ግን ይደክማል። ስለዚህ ጩኸቱ ጆሮ ማድከሚያ ብቻ አይደለም፤ ከላይ ልጁ ያየው ነገር ሊከተል ይችላል።

ሲይይይ ሳይሆን ጠ-ጠ-ጠ የሚል ከሆነ ማግኔቶ ነው። አንዱን ማግኔቶ አጥፋና አዳምጥ፣ ከዚያ ሌላውን። በአንዱ ብቻ ካለህ የዚያን የሽቦ መከለያ ይፈትሹት። በየሰከንዱ ገደማ ቡፍ የሚል ከሆነ የክንፍ ጫፍ ብልጭታ መብራቱ ነው። ስልክም አትርሳ፤ ከሄድሴት ሽቦ አጠገብ የተቀመጠ ስልክ ስንቱን ሰው ጥገና ቤት አመላልሶታል።

አንድ የተረሳ ቦታ አለ። የሄድሴቱ ሶኬቶች ከአውሮፕላኑ ብረት ጋር መንካት የለባቸውም። በትናንሽ የፕላስቲክ ቀለበቶች ተለይተው ነው የሚታሰሩት። በአሮጌ ቸሮኪ ላይ ያ ቀለበት ተሰብሮ ወድቆ፣ ሶኬቱ ብረቱን እየነካ ታገኘዋለህ። ያኔ የአውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ሁሉ በጆሮህ በኩል መንገድ ይፈልጋል። የቀለበቱ ዋጋ ከአንድ ማኪያቶ አይበልጥም። ጥገና ቤቱ እዚህ ጋ ሳያይ ሬዲዮ ግዙ ካላችሁ፣ ሌላ ጥገና ቤት ፈልጉ።

ጥያቄ፦ እዚህ አገር ቤት ካራቫን የሚባለውን ትንሽ አውሮፕላን አበራለሁ። ሁለት ነገር ያስቸግረኛል። ክረምት ሲገባ ሁለተኛው ሬዲዮ ይደክማል፤ በጋ ሲሆን ይድናል። በሌላ በኩል ወደ ቆላ ወርደን ለማረፍ ስንቃረብ አዲስ አበባን ጭራሽ አናገኝም። አንቴናው ይቀየር ብዬ ልጠይቅ?

መልስ፦ ካፒቴን፣ ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው፤ አንድ በሽታ አይደሉም።

የቆላው ጉዳይ ብልሽት አይደለም። የአውሮፕላን ድምፅ ሬዲዮ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ አይዞርም። የከፍታዎን በፊት ስኩዌር ሩት ወስደው በ1.23 ቢያባዙት፣ በሜዳማ አገር ስንት ኖቲካል ማይል እንደሚደርስ ይነግርዎታል። ከመሬት 10,000 ፊት ላይ 123 ይሆናል፤ 228 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። እኛ አገር ግን ሜዳው የት አለና? ወደ አባይ ሸለቆ ሲወርዱ ገደሉ መሃል ይገባል፤ ሒሳቡም እዚያ ያበቃል። የዓለምን ውድ አንቴና ቢገጥሙም ያው ነው። ከመውረድዎ በፊት ከላይ ሆነው ቦታዎንና የሚያርፉበትን ሰዓት ይንገሩ። ኤች ኤፍ የሚባለው የረጅም ርቀት ሬዲዮ ካለዎት እሱ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ተራራ አያግደውም። ካረፉ በኋላም ማን ማንን እንደሚደውል ሳይነሡ ይስማሙ።

የክረምቱ ግን ብልሽት ነው። እኔ ከሬዲዮው በፊት አንቴናውንና ገመዱን ነው የምጠረጥረው። ዝናብ ሲመጣ የሚታመም፣ ፀሐይ ሲወጣ የሚድን ሬዲዮ ውሃ ጠጥቷል። የሆድ ሥር አንቴና ከሆነ ደግሞ ጭቃውና የሜዳው ጠጠር ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። ቴክኒሻኑን እንዲህ ይበሉት፦ የሁለቱን ሬዲዮዎች የአንቴና ገመድ ከኋላ ያቀያይር። ድክመቱ ወደ አንደኛው ሬዲዮ ከዞረ በሽታው ያለው በአንቴናው ወይም በገመዱ ላይ ነው። በሁለተኛው ላይ ከቀረ ሣጥኑ ነው። ይህ ፈተና ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ግን ይህ ሳይደረግ ስንት ደህና ሬዲዮ ወደ ፋብሪካ ተልኮ «ብልሽት አልተገኘበትም» ተብሎ ተመልሷል! ዋት መለኪያ ካላቸው ደግሞ ወደ አንቴናው የሚሄደውንና ከአንቴናው የሚመለሰውን ኃይል ይለኩት። የሚመለሰው ከበዛ የገመዱን ጫፍ ይፍቱት፤ አረንጓዴ ዝገት ያገኛሉ።

ሲገጥሙት ሁለት ነገር አይርሱ። ከአንቴናው ሥር ያለው ብረት ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ይሁን፤ አንቴና ከአካሉ ጋር ካልተነካካ ግማሹ የለም ማለት ነው። ዙሪያው ደግሞ በማሸጊያ ይዘጋ። አውሮፕላኑን የሚያጥበውንም ልጅ በኃይለኛ ውሃ ከሆዱ ሥር እንዳይመታው ይለምኑት።

ደመናና ዝናብ ውስጥ ብቻ ሻሻሻ ብሎ ሬዲዮው የሚደነቁር ከሆነ ግን ሌላ ነው። የክንፉና የጅራቱ የኋላ ጠርዝ ላይ ያሉት ቀጫጭን ጭራዎች የተጠራቀመውን ኤሌክትሪክ ወደ አየር የሚያፈስሱ ናቸው። ተሰብረው ይሆናል፤ ይቁጠሯቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፍሎሪዳ የበረራ አስተማሪ ነኝ። የሚከፈለኝ ሞተር በሠራበት ሰዓት ብቻ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገብቼ ማታ ሁለት ሰዓት እወጣለሁ፤ የሚከፈለኝ ግን ለአራት ወይም ለአምስት ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ያም ይቀራል። አሁን አንዱ አውሮፕላን ላይ የሬዲዮው ብሬከር እየዘለለ ይወጣል። ብጽፈው አውሮፕላኑ ይቆማል፤ እኔም ሳምንቱን ሙሉ ያለ ገቢ ልቀመጥ ነው። አለቃዬ «መልሰሽ ግፊው፣ ይሠራል» ይለኛል። የሥራ ፈቃዴም ከዚህ ቤት ጋር የተያያዘ ነው። እስካሁን ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም ብያለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሁሉም በፊት ስለ ብሬከሩ ልንገርሽ፤ እሱ አይጠብቅም።

ብሬከር የሚዘለው ሬዲዮውን ለመጠበቅ አይደለም። ሽቦው እንዳይነድ ነው። በተደጋጋሚ የሚዘል ብሬከር የሆነ ቦታ ላይ ሽቦ ተልጧል፣ ወይም ሣጥኑ ውስጥ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው ሊልሽ ይችላል። መልሰሽ ስትገፊው ለዚያ ቦታ እንደገና ኤሌክትሪክ እየመገብሽው ነው። አንዳንዴ ብሬከሩ ራሱ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ እሱን ግን የሚለየው በመለኪያ የተፈተነ እንደሆነ ነው። ጣት አይለየውም።

ከእናንተው ግዛት አንድ ጉዳይ ላንሳ። ሐምሌ 10፣ 2007 እ.ኤ.አ. አንዲት ሴስና 310 ከዴይቶና ቢች ተነሥታ ወደ ሌክላንድ ስትሄድ ውስጧ ጢስ ተነሣ። ወደ ሳንፎርድ ለመድረስ እየሞከረች መኖሪያ ቤቶች ላይ ወደቀች። አውሮፕላኗ ውስጥ የነበሩት ሁለቱም፣ መሬት ላይ ደግሞ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ከመሬቱ ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ሌላ አብራሪ በዚያችው አውሮፕላን ላይ የሚቃጠል ነገር ሸቶት ነበር። የአየር ሁኔታ ራዳሩ ጠፋ። እሱም ራዳሩን አጠፋ፣ ብሬከሩን ሳበ፣ ሽታው ቆመ። ከወረደ በኋላ ጻፈው፤ ለጥገናው ኃላፊም ተናገረ። ማንም ሳይጠግነው አውሮፕላኗ በማግስቱ ወጣች። መርማሪዎቹ ከመነሣቷ በፊት ያ ብሬከር ተመልሶ መገፋቱ አይቀርም ብለው ደመደሙ። የአሜሪካው አቪዬሽን አስተዳደር ከዚያ በኋላ ለደህንነት የግድ ካላስፈለገ በቀር በአየር ላይ የዘለለ ብሬከር እንዳይመለስ መክሯል።

ያኛው አብራሪ ማድረግ ያለበትን አድርጓል፤ ጽፏል። ያልሠራው ጽሑፉን የሚቀበለው ቤት ነው። ስለዚህ «ጻፊ» ብዬ ብቻ አልተውሽም፤ እንዴት እንደምትጽፊ ልንገርሽ።

የምትጽፊው ያየሽውን ነው። ፍርድ አትጨምሪ። «የሬዲዮ አንድ ብሬከር ሞተር ከተነሣ በዚህን ያህል ደቂቃ፣ ስናገር ሳለሁ ወጣ፤ ሽታ የለም» ብለሽ ቀንና ሰዓት አስገቢ። ከዚያ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። «ይህ አውሮፕላን አደገኛ ነው» ካልሽ ክርክር ይሆናል። «ብሬከሩ ወጣ» ካልሽ ግን ማንም ሊከራከርሽ አይችልም። ከዚያ ለአለቃሽ መካከለኛ መንገድ አቅርቢለት። የአሜሪካ በረራ ሕግ አንቀጽ 91.213 አስፈላጊ ያልሆነ መሣሪያ ተለይቶ፣ ከኤሌክትሪክ ተቆርጦ፣ «አይሠራም» የሚል ምልክት ተለጥፎበት አውሮፕላኑ እንዲበር የሚፈቅድበት ሁኔታ አለው። ሁለት ሬዲዮ ያለው አውሮፕላን፣ በቀን፣ በጥሩ አየር፣ በዚህ መንገድ ሊሠራ ይችል ይሆናል። መካኒኩ ይወስን። አለቃሽ «ግፊው» ሲልሽ «አይ» ብለሽ ከምትቆሚ፣ «እንለጥፍበትና በሁለተኛው ሬዲዮ ልብረር» በዪው። አውሮፕላኑም አይቆምም፣ እንጀራሽም አይቋረጥም።

ያንንም እምቢ ካለ አትነሺ። አንቀጽ 91.7 አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ወይ ብሎ የመወሰን ኃላፊነት የሚጥለው በአዛዡ አብራሪ ላይ ነው፤ በማስተማሩ ጊዜ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አንቺ ነሽ። መርማሪ ሲመጣ «አለቃዬ ግፊው አለኝ» መልስ አይሆንም። የአብራሪነት ፈቃዱ ላይ ያለው ስም የአንቺ ነው፤ ሰውዬው ሌላ አስተማሪ ነገ ይቀጥራል።

ናሳ የሚያስተዳድረው ሚስጥራዊ የደህንነት ሪፖርት አለ፤ ከ1976 ጀምሮ ይሠራል። ሳታስቢው ሕግ የጣስሽበት ነገር ቢኖር በ10 ቀን ውስጥ ብትጽፊላቸው ከቅጣት ሊያድንሽ ይችላል። ስምሽን አጥፍተው ነው የሚያስቀምጡት። ብዙ ወጣት አስተማሪ መኖሩን አያውቅም።

አሁን ስለ ሰዓቱ። ሕጉ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ በአየር እንዳታስተምሪ ይከለክላል። የምትጠብቂበትን ሰዓት ግን አይቆጥርልሽም። ፍሎሪዳ ፀሐይ ላይ በቆመ አውሮፕላን ውስጥ መግባት፣ መውጣት፣ ተማሪ መጠበቅ፣ ይኼ ሁሉ ለእነሱ ዕረፍት ነው! የዚህ አሠራር ክፋቱ ደሞዙ ከአንጀት ጠብ አለማለቱ ብቻ አይደለም። ብልሽት የሚያየውን ሰው ራሱን ይቀጣዋል። አውሮፕላኑ ሲቆም ባለቤቱ ጥቂት ያጣል፣ አስተማሪዋ የቤት ኪራይዋን። እንዲህ ባለ ቤት መመዝገቢያው ባዶ ከሆነ አውሮፕላኖቹ ደህና ናቸው ብዬ አላምንም። እኔ ጥገና ላይ ሳለሁ በጣም የምፈራቸው አውሮፕላኖች ምንም ያልተጻፈባቸው ነበሩ።

ስለዚህ ከአለቃሽ ጋር ስትቀመጪ ስለ ብሬከሩና ስለ ክፍያሽ አብረሽ አንሺ። በሳምንት ዝቅተኛ የተረጋገጠ ሰዓት ጠይቂ። መሬት ላይ የምታስተምሪው፣ የበረራ ዕቅድ የምታስረጂው፣ ከበረራ በኋላ የምትገመግሚው ሁሉ በሰዓት ይከፈል በዪ። ብዙ ትምህርት ቤት ተማሪውን ለዚያ ያስከፍለዋል፤ ለአስተማሪዋ ግን አይሰጣትም። ሌሎቹ አስተማሪዎችም አብረውሽ ቢጠይቁ ይሻላል። የሥራ ፈቃድሽን ነገር ደግሞ ከማንም ምክር በፊት የስደት ጉዳይ ጠበቃ ጠይቂ፤ ሥራ ለመቀየር ከምትገምቺው የሰፋ በር ሊኖርሽ ይችላል። በረራ ትምህርት ቤት ፍሎሪዳ ውስጥ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ልጄ የንግድ አብራሪ ፈቃድ አገኘ። ትልቅ አየር መንገድ ይገባል ብዬ ነበር፤ እሱ ግን ማታ ማታ በትንሽ አውሮፕላን ዕቃ የሚያመላልስ ድርጅት ውስጥ ሥራ አገኘሁ አለኝ። ቀን ነው የሚተኛው። ይኼ ደህና ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። መንገዱን አልሳተም። የንግድ ፈቃድ ከ250 ሰዓት ገደማ ይጀምራል። አየር መንገድ ለመግባት ግን በአጠቃላይ 1,500 ሰዓት ይጠየቃል። መሃል ያለውን ሰዓት ወይ እያስተማረ ወይ እንደ ልጅዎ ዕቃ እየጫነ ነው የሚሞላው።

የ1,500ው ሕግ የመጣው ከአደጋ በኋላ ነው። የካቲት 12፣ 2009 እ.ኤ.አ. ከኒውዋርክ ወደ ባፋሎ ይሄድ የነበረ የኮልጋን ኤር አውሮፕላን ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ረዳት አብራሪዋ ሥራዋን ለመጀመር ሌሊቱን ሙሉ ከሲያትል ተጉዛ ነበር የመጣችው። ከዚያ ወዲህ የመንገደኛ አየር መንገድ አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት፣ ከዚያም ውስጥ ያልተቋረጠ 8 ሰዓት የመተኛ ዕድል ይሰጠው የሚል ደንብ ወጣ፤ ከጥር 2014 ጀምሮ ይሠራል። ጭነት አመላላሾቹ ግን በዚያ ደንብ እንዲገዙ አልተገደዱም። ልጅዎ የገባበት ዓይነት ትንሽ ድርጅት የራሱ አሮጌ ደንብ አለው። ብቻውን የሚያበር ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ በጥቅሉ ከ8 ሰዓት በላይ እንዳያበር፣ 10 ሰዓትም እንዲያርፍ ይላል። መጥፎ አይደለም። ደንቡ ግን ዕረፍቱ ቀን ላይ ይሁን ሌሊት አይልም፤ ቀን ላይ ደግሞ ሣር አጫጁም፣ ስልኩም፣ ዘመዱም አያስተኛም።

ከእርስዎ የሚጠበቀው ቀላል ነው። መስኮቱን የሚያጨልም ወፍራም መጋረጃ ይግዙለት። ቀን አይደውሉለት፤ ዘመዶችንም ያስጠንቅቁ። ለቅሶና ሠርግ ላይ ቀረ ብላችሁ አትቀየሙት። ፈርሞ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ድርጅቱን ሦስት ነገር ይጠይቅ። አውሮፕላን በብልሽት ሲቆም ይከፈለኛል? ደክሞኛል ብዬ ብቀር ምን ይደረጋል? ያለፉትን የብልሽት መዝገቦች ማየት እችላለሁ? መዝገቡን ሲያሳዩት ገልበጥ ገልበጥ ያድርገው። አብራሪዎቹ የጻፉት፣ ከሥሩም መካኒኩ የመለሰው በየገጹ ካለ ይግባበት። ገጹ ንጹሕ ከሆነ ሌላ ቦታ ያመልክት።